ስለ ተነቃይ የሸራ ቁልፎች ሥራና ስለ ልክ መጠበቅ

ክቡራን አንባቢዎቻችን በዚህ ገጽ ላይ ዘወትር የሚያነቡት ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ባንክ ብድርና ስለ ጭነት ማጓጓዣ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ከአንድ የካፖርት ቁልፍ ስለማይበልጥ የብረት ዕቃ ረዘም ያለ አሳብ ስናቀርብ መገረማቸው አይቀርም። ነገር ግን የንግድ ጠባይ በትልቁ ዕቃ ላይ ተሸፍኖ በትንሹ ዕቃ ላይ ግልጥ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። ኦቶሞቢል የሚሸጥ ሰው ስሕተቱን በጥገናና በመለዋወጫ ሊሸፍነው ይችላል፤ ዋጋው ከአንድ ስኒ ቡና የማይበልጥ ቁልፍ የሚሸጥ ሰው ግን ከዕቃው ልክነት በቀር ለደንበኛው የሚያቀርበው ሌላ ነገር የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንግሊዝ አገር ጣራቸው የሚገለጥ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚያስቀምጡ፣ ለፍጥነትና ለመዝናኛ የተሠሩ ኦቶሞቢሎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ የተወደዱ ናቸው። ኤም ጂ፣ ትራያምፍ፣ ኦስቲን ሂሊና ሎተስ የተባሉት ስሞች በዚህ ረገድ በዓለም የታወቁ ናቸው። እነዚህ ኦቶሞቢሎች ጣራቸው ተገልጦ በሚቆሙበት ጊዜ ዝናምና አቧራ ወንበሩን እንዳያበላሽ፣ ከዳሽቦርዱ አንሥቶ እስከ ወንበሮቹ ኋላ ድረስ የሚዘረጋ የሸራ መሸፈኛ ይደረግላቸዋል። እንግሊዞች መሸፈኛውን «ቶኖ» ይሉታል፤ ስሙም በርሜል ማለት ከሆነው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። በመካከሉ ዚፕ ስላለው፣ ነጂው ብቻውን ሲሄድ በራሱ በኩል ያለውን ክፍል ብቻ ከፍቶ፣ የጎኑን ወንበር እንደ ተሸፈነ ትቶ ሊነዳ ይችላል።

ሸራውን ከኦቶሞቢሉ ላሜራ ጋር የሚያያይዙት ግን ዙሪያውን የተተከሉት ትንንሽ ቁልፎች ናቸው። በቋንቋችን ቁልፍ የሚለው ቃል የልብሱንም የበሩንም መዝጊያ የሚያመለክት መሆኑ ለዚህ ዕቃ እጅግ የተስማማ ነው። እንደ ልብስ ቁልፍ በጣት በቀላሉ የሚከፈት፣ እንደ በር ቁልፍ ደግሞ ባለቤቱ ካልከፈተው በቀር ነፋስ ቢገፋው የማይከፈት መሆን አለበትና።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በእንግሊዝ አገር ስኖር፣ ለአሮጌ ኦቶሞቢሎች መለዋወጫ የምሸጥበት አነስተኛ ሱቅ ነበረኝ። ከደንበኞቼ አንዱ የነበሩ ሽማግሌ፣ የሸራ መሸፈኛቸው ቁልፎች ሊነቀሉ የሚችሉ እንዲሆኑ ፈለጉ። ምክንያታቸው በቂ ነበር። ሸራው በማይኖርበት ጊዜ በዳሽቦርዱና በላሜራው ጠርዝ ላይ ተተክለው የሚቀሩት የብረት ጉጦች ለዓይን ደስ አይሉም፤ ፀሐይ ሲመታቸው ያንጸባርቃሉ፤ የሰውንም እጅጌ ይይዛሉ። ስለዚህ በላሜራው ውስጥ ከውጭ የማይታይ ዳዶ ተቀብሮ እንዲኖር፣ ጉጡ ግን ሲያስፈልግ በብሎን ጥርሱ እየዞረ እንዲገባ፣ ሥራው ሲያበቃም እንዲወጣ አሰቡ። ሥውር ዳዶዎቹን በራሳቸው ባለ እጅ አስተከሉ፤ ጉጦቹን ደግሞ እኔ እንዳቀርብላቸው 14 አዘዙኝ።

ስሕተቴ ከዚህ ይጀምራል። ዘወትር ከምገዛበት ዋጋ በአንድ ሦስተኛ የሚሸጥ ሰው አግኝቼ፣ አንድ ከረጢት ሙሉ ጉጥ ገዛሁ። በከረጢቱ ላይ የጥርሱ ልክ አልተጻፈም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አንዱን ጉጥ አንሥቼ የደንበኛዬን ዳዶ በሚመስል ዳዶ ላይ ሞከርሁት፤ ገባ። «ገባ» ማለትና «ገጠመ» ማለት አንድ መስሎኝ 14ቱን ቈጥሬ ሸጥሁላቸው።

ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ሽማግሌው የተቀደደ ሸራ በክንዳቸው ይዘው ወደ ሱቄ መጡ። የጎናቸው ወንበር እንደ ተሸፈነ በሰፊው መንገድ ላይ ሲነዱ፣ ሁለት ጉጦች በመንቀጥቀጥ ብዛት ተፈትተው ወጥተዋል። ሸራው በዚያ ወገን ተነሥቶ፣ ነፋስ እንደ ጀልባ ሸራ ነፍቶት ፊታቸውን መታቸው። ለጥቂት ጊዜ መንገዱን አላዩም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በአጠገባቸው ሌላ ኦቶሞቢል ስላልነበረ መሪውን እንደ ያዙ ዳር አውጥተው ቆሙ። የሁለቱ ጉጦች ዋጋ ከአንድ ዳቦ ዋጋ የማይበልጥ ነበር፤ የአዲሱ ሸራ ዋጋ ግን የሱቄን የወር ኪራይ ግማሽ ያህል ስለ ነበረ፣ ከኪሴ ከፈልሁ። ሽማግሌው አልተቈጡም። «ልኩን ለክተውት ነበር ወይስ ገምተውት?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ።

በዚያው ማታ ካሊበሬን ይዤ ተቀመጥሁ። የደንበኛዬ ሥውር ዳዶዎች ዛሬ በብዙ አገር የተለመደው የሜትሪክ ልክ፣ ማለት ኤም 5 ነበሩ፤ የዚህ ጥርስ ውጫዊ ስፋት 5 ሚሊ ሜትር፣ ከአንዱ ጥርስ ጫፍ እስከ ሌላው ያለው ርቀት 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ የሸጥኋቸው ጉጦች ግን «2 ቢ ኤ» የሚባለው የቀድሞ የእንግሊዝ ልክ ሆነው ተገኙ፤ ስፋታቸው 4.7፣ የጥርሳቸው ርቀት 0.81 ሚሊ ሜትር ነበር። በሁለቱ መካከል ደግሞ አሜሪካኖች «10-32» የሚሉት ሦስተኛ ልክ አለ፤ የእርሱም ስፋት 4.83፣ የጥርሱ ርቀት 0.79 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስቱን በአንድ ሳህን ላይ ቢደባልቋቸው በዓይን ብቻ አይቶ በእርግጥ የሚለያቸው ሰው አይገኝም። ቀጭኑ ጉጥ በሰፊው ዳዶ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፤ ነገር ግን ጥርስ ጥርስን የሚነክሰው በሙሉ አካሉ ሳይሆን ከፊሉን ብቻ ነው። በጣት ሲያጠብቁት የጠበቀ ይመስላል፤ መንገድ ሲያንቀጠቅጠው ይላላል።

ይህን ነገር ያገራችን ገበያተኛ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። አቡጀዲ በክንድ ይሸጥ በነበረበት ዘመን፣ ገዢ ክንደ ረጅም ዘመዱን አስከትሎ ወደ ገበያ ይሄድ እንደ ነበር ይባላል። የሻጩም ክንድ የዘመዱም ክንድ ስሙ «ክንድ» ነው፤ የሚገኘው ጨርቅ ግን እኩል አይደለም። በብረት ሥራም እንዲሁ ነው። «የ5 ሚሊ ሜትር ያህል ጉጥ» ብሎ መሸጥ በማን ክንድ እንደ ተለካ ሳይናገሩ ጨርቅ እንደ መሸጥ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ሲሆኑ፣ ይህ ችግር ምን ያህል የቈየ እንደ ሆነ ከሁለት ዓመታት መረዳት ይቻላል። በ1841 ጆሴፍ ዊትወርዝ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ፣ እያንዳንዱ ፋብሪካ በገዛ ፈቃዱ የብሎን ጥርስ መቁረጡ ለሁሉም ጉዳት መሆኑን አስረድቶ፣ አንድ የጋራ ልክ እንዲኖር አሳሰበ። በ1948 ደግሞ እንግሊዝ፣ አሜሪካና ካናዳ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአንዱ አገር ብሎን ለሌላው አገር ዳዶ ሳይስማማ እየቀረ ከደረሰባቸው ችግር ተምረው፣ በአንድ የጥርስ ልክ ተስማሙ። ሦስት መንግሥታት በስምምነት ሊዘጉት የደከሙበትን ቀዳዳ እኔ በአንድ ከረጢት ርካሽ ዕቃ መልሼ ከፈትሁት ማለት ነው።

አሁን ወደ ዕቃው ሥራ እንመለስ። በገበያ የሚገኙት የሸራ ቁልፎች በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው በጣት ሲጫኑት «ጠቅ» ብሎ የሚዘጋው፣ በጃኬትና በቦርሳ ላይ የምናውቀው ነው። ዋጋው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከየትኛውም ወገን ቢስቡት ስለሚከፈት፣ ሰው የሚከፍተውን ነፋስም ሊከፍተው ይችላል። ሁለተኛው ትንሽ ነጥብ ምልክት በተደረገበት ወገን ሲያነሡት ብቻ የሚከፈት፣ በሌሎቹ ሦስት ወገኖች ቢስቡት የማይላቀቅ ነው፤ በአሜሪካ ወታደሮች የጥይት መያዣ ቀበቶ ላይ ብዙ ዘመን ያገለገለው ይህ ዐይነት ነው። ሦስተኛው በሸራው ላይ በተሠራ ሞላላ ቀዳዳ አልፎ፣ ራሱ ሩብ ዙር ሲዞር የሚቆልፍ ነው። አራተኛው ቴናክስ በሚለው የንግድ ስም የታወቀው ሲሆን፣ በሸራው ላይ ያለው ራስ በውስጡ ሞላ አለው፤ በጉጡ ላይ ሲጫኑት አንገቱን ነክሶ ይይዛል፤ ጫፉን ይዘው ወደ ላይ ካልሳቡት በቀር አይለቅም። በፍጥነት ለሚሄድ ኦቶሞቢል ከአራቱ የሚመረጠው በእኔ አስተያየት ይህ አራተኛው ነው።

በአራቱም ዐይነት ከቁልፉ አንዱ ወገን በሸራው ላይ ሲቀር፣ ሌላው ወገን በላሜራው ላይ ይተከላል። ተነቃይ የሚያሰኘው የዚህ የሁለተኛው ወገን አሠራር ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ሥውር ዳዶ የተፈለሰፈውም ለኦቶሞቢል ሳይሆን ለአውሮፕላን ነበር። በ1930ዎቹ የአሜሪካ ጎማ ሠሪ ኩባንያ ቢ ኤፍ ጉድሪች፣ በአውሮፕላን ክንፍ ላይ በረዶ እንዳይጋገር የሚከላከለውን ጎማ ለማሰር ተቸገረ፤ በክንፉ ውስጥ እጅ አስገብቶ ዳዶ መያዝ አይቻልምና። ስለዚህ ከውጭ ወገን ብቻ ገብቶ፣ ሲሳብ ከላሜራው ጀርባ ሆዱ የሚያብጥና በዚያው ተነክሶ የሚቀር ባለ ጥርስ እጅጌ ሠራ። ዛሬ አንድ የሸራ ባለ እጅ በዳሽቦርድ ላይ የሚተክለው ዳዶ የዚያው የአውሮፕላን ዳዶ ዘር ነው።

ጉጡን ለመሥራት ከአንድ መካከለኛ ቶርኖ፣ ከጥሩ ካሊበርና ከትዕግሥት የበለጠ መሣሪያ አያስፈልግም። ነገር ግን ከማስተዋል ጉድለት የሚበላሽባቸው ሥፍራዎች አሉና፣ በቶርኖ ቤት ለሚሠሩ አንባቢዎቻችን ዋና ዋናዎቹን እንጠቅሳለን።

አንደኛ፣ ከአንድ ናሙና ብቻ ልክ መውሰድ አይገባም። አንዱ ናሙና ያረጀ ወይም በዕድል የቀጠነ ሊሆን ይችላል። ቢቻል ዐሥር ያህል ያልተሠራባቸው ጉጦች ለክቶ ልዩነታቸውን መመዝገብ፣ ከዚያም የራሱን ሥራ ከዚያ ልዩነት ባነሰ ወሰን ውስጥ መጠበቅ ያስፈልጋል። የሚለኩትም የራሱ ስፋት፣ የአንገቱ ቅጥነት፣ የአንገቱ ከፍታ ከትከሻው፣ እንዲሁም የጥርሱ ዐይነትና ርዝመት ናቸው።

ሁለተኛ፣ ሸራ ሲወጠር ጉጡን የሚስበው ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ይበልጡን ወደ ጎን ነው። ይህን የጎን ጉልበት መሸከም ያለበት ጥርሱ ሳይሆን በላሜራው ላይ የሚያርፈው ሰፊ ትከሻ ነው። ከትከሻው ሥር፣ ጥርሱ በሚያልቅበት ቦታ፣ ትንሽ ዙሪያ ጎድጓዳ ካልተቈረጠ ትከሻው ላሜራውን ሳይነካ ጉጡ ይጠብቅና እንደ ቆመ ይቀራል። እንዲህ ያለው ጉጥ ውሎ አድሮ ይጐብጣል ወይም ይላላል።

ሦስተኛ፣ ናስ ለቶርኖ የተስማማ ብረት ነው፤ በተለይ ከ100 ክፍል 3 ያህል እርሳስ ያለበት ናስ ፍርፋሪው አጭር ስለ ሆነ ሥራው ይፈጥናል። ነገር ግን ናሱ በኒኬል የሚለበጥ ከሆነ የልባጡን ውፍረት አስቀድሞ ማሰብ ግዴታ ነው። ልባጡ የሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ ቢሆን፣ በሁለቱም ወገን ስለሚያርፍ የጉጡን ራስ ስፋት በሁለት መቶኛ ይጨምራል። በ60 ዲግሪ በተቈረጠ ጥርስ ላይ ደግሞ፣ የጥርሱ ጎን ያዘመመ ስለ ሆነ፣ መካከለኛ ስፋቱ በአራት መቶኛ ያድጋል። ከልባጥ በፊት በትክክል የገጠመ ጉጥ ከልባጥ በኋላ አልገባም ሲል፣ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ለባጩ ነው፤ ጥፋቱ ግን አስቀድሞ ያላሰበው የቶርኖ ሠራተኛ ነው።

አራተኛ፣ የላሜራው ዐይነት መታወቅ አለበት። አካሉ አሉሚኒየም በሆነ ኦቶሞቢል ላይ ናስ ወይም የማይዝግ ብረት ያለ መለያ ቢተከል፣ እርጥበትና ጨው ሲደርስበት አሉሚኒየሙ ይበላል። በእንግሊዝ አገር በክረምት በረዶ እንዲቀልጥ በመንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን፣ ጉዳቱ ቶሎ ይታያል። መድኃኒቱ በሁለቱ ብረቶች መካከል የናይሎን ሮንዴላ ማድረግ ወይም ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀውን መለያ ቅባት መቀባት ነው። አካሉ ፋይበር ግላስ ከሆነ ደግሞ፣ የሚያብጠው ዳዶ ሊሰነጥቀው ስለሚችል፣ ከጀርባ ሰፊ መደገፊያ ያስፈልገዋል። ከትከሻው ሥር አንዲት የጎማ ቀለበት ማድረግም ሁለት ጥቅም አለው፤ ውሃ እንዳይገባ ይከለክላል፣ መንቀጥቀጥንም ያበርዳል።

አምስተኛው ከሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ቀዳዳ ከተበሳ በኋላ አይመለስም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በችኰላ የተበሳ ላሜራ የሚያስከፍለው ዋጋ ከቁልፎቹ ሁሉ ዋጋ ይበልጣል። ሸራው በፕላስቲክ የተለበጠ ከሆነ በብርድ ስለሚኰማተር፣ ልኩ መወሰድ ያለበት ሞቅ ባለ ቀን ሸራው ተዘርግቶ ከለሰለሰ በኋላ ነው። ሥራው ከመካከል ተጀምሮ ወደ ሁለቱ ዳር ይሄዳል፤ አንድ ቁልፍ ተተክሎ ሸራው ሳይያዝበት ሁለተኛው አይበሳም። ትራፓኖ ከመነሣቱ በፊትም ከላሜራው ጀርባ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም ቧንቧ አለመኖሩ በዓይንና በእጅ ይመረመራል። የቀዳዳው ጠርዝ ቀለም ሳይቀባ ዳዶ አይገባበትም፤ ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

ሥራው ሁሉ ሲያልቅ ፈተና ይቀራል። በደኅና ፋብሪካ ለእያንዳንዱ ልክ ሁለት መፈተሻ ይኖራል፤ አንዱ መግባት አለበት፣ ሁለተኛው መግባት የለበትም። እኔ በሱቄ ያደረግሁት የመጀመሪያውን ግማሽ ፈተና ብቻ ነበር። ጉጡ መግባቱን አየሁ፤ ሰፋ ባለ ዳዶ ውስጥ ሲወዛወዝ ግን አልፈተንሁም። ሥራ የሚታወቀው የሚገባው በመግባቱ ብቻ ሳይሆን፣ መግባት የሌለበትም ባለመግባቱ ነው። ይህ ሕግ ለብሎን ብቻ የተጻፈ እንዳልሆነ ነጋዴ የሆነ ሁሉ ያውቃል።

ይህን አሳብ የሚቃወሙ ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን። አንዳንዶች፣ «ገዢ የሚፈልገው ርካሹን ነው፤ ልክ የጠበቀውን ዕቃ በውድ ብናቀርብ ማን ይገዛናል?» ይላሉ። ይህ አነጋገር ከፊል እውነት አለው። ገዢ ርካሹን የሚመርጠው ግን ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ስላልተነገረው ነው። ሁለት ከረጢት ያለ ጽሕፈት ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ በዋጋ ካልሆነ በምን ይለያቸዋል? ልኩ፣ ብረቱና ልባጡ በግልጥ የተጻፈበትን ከረጢት ለይቶ ከፍ ባለ ዋጋ መግዛት የሚችለው ማወቅ ሲችል ነው። ያልተጻፈ ልክ ሻጩን እንጂ ገዢውን አይጠቅምም፤ ሻጩንም የሚጠቅመው ለሦስት ሳምንት ብቻ መሆኑን እኔ ቀምሼዋለሁ።

ሌሎች ደግሞ፣ «አሮጌ ኦቶሞቢል ከፋብሪካ እንደ ወጣ መጠበቅ አለበት፤ አዲስ ዳዶ መትከል ማበላሸት ነው» ይላሉ። ለእነዚህ አክብሮት አለን። ዋጋው በቀደመው መልኩ ላይ የቆመ ኦቶሞቢል ላይ አዲስ ቀዳዳ መብሳት አይገባም፤ በነባሩ ቀዳዳ የሚስማማ ቁልፍ ማግኘት ይሻላል። ዘወትር በሚነዳ ኦቶሞቢል ላይ ግን፣ ተነቃዩ ቁልፍ ተወግዶ ቀዳዳው ለጥ ባለ መድፈኛ ሲዘጋ የሚያስቀረው ምልክት ጥቂት ስለ ሆነ፣ ከቋሚው ጉጥ ይልቅ ለባለቤቱ ንብረት የሚያዝነው እርሱ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ «በአገራችን እንዲህ ያለ ኦቶሞቢል የሚነዳ ሰው ጥቂት ነው፤ ይህ ነገር እኛን ምን ያገባናል?» የሚለው ነው። መልሱ ሁለት ነው። በመጀመሪያ፣ የጭነት ኦቶሞቢል ሸራ፣ የባጃጅ የጎን መጋረጃ፣ ድንኳንም ሁሉ የሚያዙት በዚሁ ዕቃ ወይም በዘመዱ ነው፤ ለአንዱ የሚሠራ እጅ ለሌላውም ይሠራል። ሁለተኛም፣ የትንሽ ዕቃ ገበያ ከምናስበው ይልቅ ዕድሜው ረጅም ነው።

ለዚህ ምስክር ልጥቀስ። ኤም ጂ ቢ የተባለው ኦቶሞቢል ከ1962 እስከ 1980 ድረስ በአቢንግደን ከተማ ሲሠራ ቈይቶ፣ ጣራው የሚገለጠውና የማይገለጠው ተደምሮ ከ500 ሺህ በላይ ወጥቷል። ፋብሪካው በ1980 ተዘጋ። የኦቶሞቢሉ ፍላጎት ግን አልተዘጋም። በ1975 የተቋቋመው ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ በ1988 የዚሁኑ ኦቶሞቢል ሙሉ አካል በቀድሞዎቹ የፋብሪካ መሣሪያዎች እንደ ገና ሠርቶ መሸጥ ጀመረ። በጃፓንም ማዝዳ በ1989 የእንግሊዞቹን ፈለግ ተከትሎ ያወጣው ባለ ሁለት ወንበር ኦቶሞቢል በ2016 አንድ ሚሊዮን ሞልቷል። ትልቁ ፋብሪካ ሲዘጋ የትንሹ ዕቃ ሠሪ ሥራ አልተቋረጠም ማለት ነው፤ እንዲያውም ዋናው ሠሪ በሌለበት ጊዜ የሚፈለገው እርሱ ነው።

ከዚህም የሚቀድም ምሳሌ በፈረንሳይ አገር አለ። በግረኖብል ከተማ በ1865 የተመሠረተው የሬሞን ቤተሰብ ድርጅት፣ ከተማይቱ ለታወቀችበት ለእጅ ጓንት ሥራ የሚሆን ተጫኝ የብረት ቁልፍ በ1886 በስሙ አስመዘገበ። የጓንት ንግድ እንደ ቀድሞው ባልቈየበት ዘመን፣ ያው ድርጅት የቁልፍ ጥበቡን ወደ ኦቶሞቢል አዙሮ፣ የላሜራና የፕላስቲክ መያዣዎችን ለታላላቅ ፋብሪካዎች የሚያቀርብ ዓለም አቀፍ ድርጅት ለመሆን በቃ። ጓንቱ ሲቀር ልኩን መጠበቅ የለመደው እጅ ሌላ ሥራ አገኘ።

እንግዲህ አሳባችንን በሦስት ነገር እንጠቀልለዋለን። አንደኛ፣ ቁልፍ፣ ብሎንና ዳዶ የሚያስመጡም ሆኑ የሚሠሩ ነጋዴዎቻችን በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ የጥርሱን ልክ፣ የብረቱን ዐይነትና የልባጡን ሁኔታ ይጻፉ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ማኅተምና ጥቂት ቀለም ነው። ሁለተኛ፣ ቸርቻሪው በመደርደሪያው ላይ ሁለት ናሙና ዳዶዎች ያኑር፤ አንዱ የሚገባበት፣ ሌላው የማይገባበት። ገዢው ራሱ ፈትኖ ይውሰድ። ሦስተኛ፣ ምክር ቤታችን ጥቂት የታወቁ የጥርስ ልኮችን የያዘ አንድ የመፈተሻ ሣጥን ገዝቶ፣ ለብቻቸው ሊገዙት ለማይችሉ ትንንሽ ቶርኖ ቤቶች በተራ የሚያገለግልበትን መንገድ ቢያስብ መልካም ነው እንላለን። ወጪው ለአንድ ባለ እጅ ከባድ ቢሆን ለብዙዎች በኅብረት ቀላል ነው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የነጋዴ ስምም ከሱቁ በላይ ይውላል። ያ የእንግሊዝ አገር ሱቄ ዛሬ የለም። ሽማግሌው ግን በዚያ ቀን ሸራቸውን ተቀብለው ከሄዱ በኋላ፣ በሚቀጥለው ወር ተመልሰው መጥተው 14 ጉጦች እንደ ገና አዘዙኝ። በዚያ ጊዜ እያንዳንዱን በካሊበር ለካሁ፤ ልኩን በወረቀት ላይ ጽፌ ከጉጦቹ ጋር አኖርሁላቸው። ወረቀቱን አነበቡ፣ አጥፈው በኪሳቸው ከተቱ፣ አንዱንም ጉጥ ሳይሞክሩ ሂሳባቸውን ከፍለው ሄዱ። በንግድ ዘመኔ ከተቀበልሁት ክፍያ ሁሉ ያንን ያህል ያከበርሁት የለም።